የማሞቂያው ኮሚቴ የአቋም መግለጫ

ጋሽ በየነ የመረዳጃ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ከሆኑ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ያልመሩት ስብሰባ የለም፤ በሰዓቱ የጨረሱት ግን አንድም የለ። ታዲያ ዳንፎርዝ ጎዳና ያለው የማኅበሩ አዳራሽ ማሞቂያው በጥር ብርድ ቀጥ ሲል ምን ተደረገ? ኮሚቴ ተቋቋመ!

ቅዳሜ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ነው፤ ድግሱም እዚያው አዳራሽ። ሐሙስ ጠዋት ልጃቸው ሜሮን ደወለች።

«አባዬ፣ የማሞቂያ ጠጋኝ ቡክ አድርጌያለሁ፤ ከሰዓት ይመጣል። በሩን ክፈትለት፣ በቃ። ፕሊስ፣ ዲስከስ አታድርጉ።»

«ለልጅ ልጄ? ምን ነካሽ!»

ከሰዓት ኮሚቴው ካፖርቱን እንደለበሰ ተሰየመ። አቶ ካሳዬ ጋዙን ማስጠገን ለነዳጅ ከበርቴ መንበርከክ ነው፣ በኤሌክትሪክ ይቀየር አሉ። ወይዘሮ ዘውዴ ቀበል አድርገው፣ «ኤሌክትሪኩስ ከኒውክሌር አይደለም እንዴ? ዩራኒየሙን ከማን መሬት ቆፍረው ነው?» አሉ። ጋሽ በየነ ይቺን ሲሰሙ ደማቸው ሞቀ። የዐረቦቹን ማዕቀብ፣ የስልሳ ስድስቱን የቤንዚን ጭማሪ፣ የታክሲዎቹን አድማ አንድ በአንድ ዘረዘሩ።

«ያኔ የታክሲ መሪ የያዝኩት እኔ ነበርኩ! ዙፋኑን የነቀነቀው ቤንዚን ነው!»

በሩ ተንኳኳ። ሊዮ የሚባል ጠጋኝ መሣሪያውን አንጠልጥሎ ቆሟል።

«አምስት ደቂቃ» አሉት ጋሽ በየነ በእንግሊዝኛ፤ «የአቋም መግለጫ እያጸደቅን ነው።»

ምስኪኑ ሊዮ የአበሻን አምስት ደቂቃ አያውቅም። ውስጥ «እናወግዛለን» ይባል ወይስ «በጥብቅ እናወግዛለን» የሚለው ብቻ አርባ ደቂቃ ፈጀ። መግለጫው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ የዓለም ነዳጅ ነገር ተቋጨ። ሲወጡ ሊዮም መኪናውም የሉም። በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ቀጣዩ ቀጠሮ ከዐሥር ቀን በኋላ ነው።

ሜሮን ስትሰማ አልጮኸችም። «ኢትስ ፋይን፣ አባዬ» ብላ ዘጋች። ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

ድግሱ ኢቶቢኮ ሰፈር፣ መጋዘን ውስጥ የሚሠሩት የሜሮን ባል አባት የአቶ ተሻገር ቤት ሆነ። ቤቱ ይሞቃል፣ ሕፃናት ባዶ እግራቸውን ይሯሯጣሉ። ጋሽ በየነ ከውጭ እንደገቡ አቶ ተሻገርን ጠጋ ብለው ጠየቁ።

«ማሞቂያው በጋዝ ነው በኤሌክትሪክ?»

«እኔ እንጃ፣ ጋሼ። ስጫነው ይሞቃል።»

ጋሽ በየነ ሜሮን ወዳቀፈቻት ሕፃን ዞረው እጃቸውን ዘረጉ። ሜሮን መዳፋቸውን ነካ አደረገች።

«ቆይ አባዬ፣ እጅህ በረዶ ነው» አለችና ልጅቷን ለአቶ ተሻገር አሳቀፈች።