መረቅ የሚቋጥር ጉድጓድ

…ጠለቅ፣ ግን እንዳይበዛ፣ አንድ ጭልፋ የተፈጨ ድንች ሳህኑ ላይ ዘፍ፣ መሃሉን በማንኪያ ጀርባ ጫን፣ ዞር፣ አንሳ፣ ይኸው ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ውስጥ መረቅ የሚያፈሰው ከጎኑ የቆመው ሻምበል ሆልት ነው፣ ሁለት ዲግሪ ያለው፣ ሦስት ቋንቋ የሚናገረው የጄኔራሉ ረዳት ሻምበል ሆልት ዛሬ መረቅ አፍሳሽ ሆኗል፣ የታባቱ፣ ይልመድ፣ መልካም የምስጋና ቀን ልጄ፣ ብላ፣ ጥገብ፣ ቀጣይ። ጠለቅ፣ ግን እንዳይበዛ።

ባለ አራት ኮከቡ ጄኔራል ኦቲስ ማክሌንደን፣ ቴሌቪዥን የሚያውቀው፣ ጋዜጣ የሚያውቀው፣ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ አሮጊቶች ጉንጩን ካልሳምን የሚሉት ሰው፣ ራሱ ላይ የወረቀት ቆብ ደፍቶ፣ ዕድሜ ልኩን የሰበሰበውን ኒሻን በላስቲክ ሽርጥ ሸፍኖ በፎርት ሃርገት የወታደሮች ምግብ ቤት ድንች ያድላል፣ ደስ ብሎታል፣ አቤት ደስ ሲለው፣ በዓመት አንድ ቀን የዓለም ሥርዓት ተገልብጦ መኮንኑ የክብር ልብሱን እንደለበሰ አሳላፊ ይሆናል፣ ተራው ወታደር ጌታ ይሆናል፣ መኮንን የሚበላው ሁሉም በልቶ ከጠገበ በኋላ ነው፣ የተረፈ ካለ። የበዓሉን ቱርክ ዶሮ ልቁረጥ ብሎ ነበር፣ የወጥ ቤቱ አዛዥ ሃምሳ አለቃ ባፕቲስት፣ ሉዊዚያና ያበቀለቻት ትከሻ ሰፊ ሴት፣ ከላይ እስከ ታች አይታው ቱርክ መቁረጥ እጅ ይፈልጋል ጄኔራል፣ እርስዎ ድንቹ ጋ ይቁሙ አለችው። ቆመ፣ ምን ያድርግ።

ዊላ ከዚህ ሰልፍ ውስጥ የሆነ ቦታ አለች። ወይም ትመጣለች። ካልመጣችስ፣ ትመጣለች፣ ዊላ ቱርክ ትታ አታውቅም። አንድ ልጁ፣ ተራ ወታደር ዊላ ፕሩት፣ በእናቷ በሎሬን የልጅነት የቤተሰብ ስም የተመዘገበች፣ የማን ልጅ እንደሆነች በዚህ ጦር ሰፈር አንድም ሰው አያውቅም፣ እሱም ከጸደይ ወዲህ ድምጿን አልሰማም፣ የምትደውለው ለእናቷ ነው፣ ለእሱ ደህና ናት ይባላል፣ ደህና ናት፣ ደህና ናት፣ ሪፖርት ይመስል። ዩኒቨርሲቲውን ትቼ ተራ ወታደር ልሆን ነው ስትለው ሳቀ፣ ሳቀ እኮ፣ ቀልድ መስሎት፣ እቤታቸው ማእድ ቤት ውስጥ ቆመው፣ እሷ አልሳቀችም። በገባሁበት ትምህርት ቤት ሁሉ የጄኔራሉ ልጅ ነኝ አለችው፣ ጥሩ ሳመጣ የጄኔራሉ ልጅ ስለሆነች ነው፣ ስወድቅ የጄኔራሉ ልጅ ሆና እንዲህ ይላሉ፣ አሁንስ በራሴ ላብ ልጠራ፣ እኔው ራሴ ሰው ፊት አባዬ ብዬ እስክጠራህ ድረስ አታውቀኝም፣ ማልልኝ። ማለ። ያቺ ሳቅ ግን ጉሮሮው ላይ ቀርታለች፣ አልወረደችም።

ትናንት ሎሬን ሻንጣውን አይታ ዘንድሮ የት ነው ድንቹ አለችው፣ ፎርት ሃርገት አላት ወደ መስኮቱ እያየ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አለችው፣ ምለሃል እኮ ኦቲስ፣ የማልኩትማ አላውቃትም ብዬ ነው ሎሬን፣ ድንች አልሰጣትም አላልኩም፣ አንተ ሰውዬ ያገባኸኝም እንዲሁ እየተሽሎከሎክህ ነው አለችና ሳቀች፣ ሸሚዙንም አጣጥፋ ከተተችለት።

ጉድጓዱ ዘዴ ነው። ለዊላ ብቻ ቢቆፍርላት ያስነቃል፣ ይቺ ወታደር ምኑ ናት ይባላል፣ ለሁሉም ከቆፈረ ግን ማን ይጠረጥራል፣ ከመጀመሪያው ወታደር ጀምሮ ሳያዛንፍ መቆፈር፣ ተራዋ ሲደርስ የሷም እንደ ሁሉም፣ እሷ ግን ሳህኗን አይታ ይገባታል፣ አባቷ እዚህ መምጣቱ አይደለም፣ እሱንማ ድፍን ጦር ሰፈሩ ያያል፣ እንደናፈቃት፣ በመሳቁ እንደተጸጸተ፣ ትንፍሽ ሳይል ይነግራታል፣ መሐላውም አይፈርስ። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው ሰው የድንች ዘመቻ ያቅዳል፣ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ፣ ቀጣይ፣ መልካም የምስጋና ቀን፣ ጫን፣ ዞር፣ አንሳ።

እጁ ይህን የተማረው የጦር ትምህርት ቤት አይደለም፣ ጆርጂያ፣ ቀይ አፈር፣ ኦቾሎኒ እርሻ፣ የሚንቋቋ የእንጨት ገበታ፣ ልጁ ብዙ መረቁ ጥቂት፣ እናቱ በማንኪያዋ ጀርባ የያንዳንዳቸውን ድንች መሃል እየጎደጎደች መረቁ ጥቂት ነው ልጆቼ፣ እንዳይሸሽብን እንክበበው ትል ነበር። እንክበበው። ከዓመታት በኋላ በረሃ ላይ፣ አሸዋው ጥርስ ውስጥ እየተንቀጫቀጨ፣ ድንኳን ውስጥ ካርታ ፊት ቆሞ ሁሉም ፊት ለፊት እንግጠም ሲል እሱ እናቱ ትዝ አለችው፣ ጠርዙን ከፍ፣ መሃሉን ዝቅ፣ በሦስት ወገን ዞሮ ከበበ፣ ያ ሁሉ ሠራዊት ብዙም ሳይታኮስ እጁን ሰጠ፣ እናቶቹ ሁሉ ልጆቻቸውን አገኙ፣ የዚህኛውም ወገን የዚያኛውም፣ በዚህ በዚህ ነው ስሙ የገነነው። ጋዜጠኞቹ ከማን ነው የተማሩት ሲሉት የጥንት የጦር አበጋዞችን ስም ደረደረላቸው፣ ምን ይበላቸው፣ ድንች ነው ይበላቸው፣ ይኸው እስከዛሬ ወጣት መኮንኖች ስለዚያ ከበባ ወረቀት ይጽፋሉ፣ አንዱ ለዲግሪው ጽፎ ልኮለታል፣ ድንች የሚል ቃል የለበትም።

እውነቱን የሚያውቁት ሦስት ናቸው፣ እሱ፣ ዊላና ሎሬን። የፊት ጥርሷ የወለቀ ጊዜ ነበር፣ ካንሳስ፣ ከሳጥን ያልወጣ ዕቃ መሃል ተቀምጠው፣ በየኮከቡ ሹመት አዲስ ቤት፣ በየቤቱ ያልተፈታ ሳጥን፣ ጉድጓዷን ቆፍሮላት ነገራት፣ እና ጠላት መረቅ ነበር አለችው፣ አዎ፣ እና ጠጣችሁት፣ አይ፣ እጁን ሰጠ፣ እኛም ውሃ ሰጠነው፣ አሰበች፣ አሰበችና እንግዲያው የኔን ጠለቅ አድርገው፣ ብዙ ይማረኩ አለች፣ ሎሬን ከሳጥኖቹ ኋላ ሆዷን ይዛ ስትስቅ እስካሁን ጆሮው ላይ አለ።

በአሥራ ስምንት ዓመቱ በአንዲት ሸሚዝ ከእርሻው ወጥቶ ተራ ወታደር የሆነውም እሱ፣ መጀመሪያ የተመደበውም ወጥ ቤት፣ የድንች ተራራ ፊት ቁጭ፣ ሲልጥ፣ ሲልጥ፣ ጣቱ ቢላዋ ሆነ እስኪል፣ ከዚያ የመኮንን ትምህርት፣ የጀርመን በረዶ፣ የኮሪያ ኮረብታ፣ በረሃው፣ ዋሽንግተን፣ ከረባት የሚያስሩ ሰዎች፣ ሁሉን ዞሮ ዞሮ ዛሬ ድንች ፊት፣ እንዲህ ያለውን ሰው ነው ልጁ ተራ ወታደር ልሁን ስትለው የሳቀው፣ አይ ኦቲስ፣ አይ አንተ።

አንድ ቀጭን ረጅም የኔብራስካ ልጅ ጌታዬ ይቅርታ፣ ይሄ ጉድጓድ ለምንድነው ይላል። ምሽግ ነው ልጄ፣ መረቁ እንዳያፈገፍግ። ልጁ ጥርሱን እያሳየ ለኋለኛው ይነግራል፣ ኋለኛው ለኋለኛው፣ ወሬው ከሰልፉ ይቀድማል፣ ለኔም ምሽግ፣ ለኔ ሁለት ምሽግ ጌታዬ፣ እኔ እግረኛ ጦር ነኝ ጠበቅ ያድርጉልኝ፣ አንዷ ደግሞ፣ ጠቃጠቆ ያለባት ትንሽዬ ወታደር፣ ሳህኗን አይታ ትቀራለች፣ አክስቴ እንዲህ ነበር የምታደርግልኝ ትላለች፣ ዓይኗ ይሞላል፣ ከቤቷ ውጭ የመጀመሪያዋ በዓል ነው፣ ደውይላት ይላታል፣ አሁኑኑ፣ ትእዛዝ ነው፣ እሺ ጌታዬ ትላለች አፍንጫዋን እየጠረገች። ሻምበል ሆልት መረቁን ያንጠባጥባል፣ እጅጌው ተበላሽቷል፣ እሱም እየሳቀ ነው፣ ሲስቅ አይቶት አያውቅም ነበር።

ሰልፉ ግን በሩን አልፎ ሜዳ ወጥቷል። ሃምሳ አለቃ ባፕቲስት ወገቧን ይዛ ከፊቱ ትቆማለች፣ ጄኔራል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ድንች ነው የሚያድሉት ወይስ ውሃ ነው የሚያወጡት። አመል ነው ሃምሳ አለቃ። አመልዎን ቤትዎ፣ ውጭ ብርድ ላይ የቆመ ሰው አለኝ፣ ቱርኩ እየቀዘቀዘብኝ ነው፣ ከአሁን ወዲያ አንድ ጭልፋ፣ ዘፍ፣ ቀጣይ፣ ጉድጓድ የሚባል ነገር አላይም። እሺ ይላል። አንድ ቃል ይበቃው ነበር፣ አራት ኮከብ ለምን ይሆናል ታዲያ፣ ግን በሰው ወጥ ቤት ኮከብ መምዘዝ ነውር ነው፣ ደግሞም ልክ ናት፣ ብርድ ላይ የቆሙትም የሱ ናቸው። ዘፍ፣ ቀጣይ። ዘፍ፣ ቀጣይ። ምሽግስ ጌታዬ ይላል አንዱ። ምሽግ ተከልክሏል ልጄ።

ያኔ ነው ዊላ በበሩ የምትገባው።

ዊላ። ጠቆር ብላለች፣ ከስታለች፣ የለም ጠንክራለች፣ አንገቷ ቀጥ ብሏል፣ ከሁለት ጓደኞቿ መሃል ሆና የሆነ ነገር ታወራለች፣ እነሱ በሳቅ ይንፈራፈራሉ፣ የቀልዱ ባለቤት እሷ ናት፣ እቤት ዝምተኛ የነበረች ልጅ፣ እዩዋትማ፣ በዚህ ሁሉ ሰው መሃል የማንም ልጅ ያልሆነች፣ የራሷ የሆነች፣ እንዲህ ደስ ብሏት አይቷት አያውቅም። ዘፍ፣ ቀጣይ፣ ዓይንህን ድንቹ ላይ ኦቲስ። ግን ጉድጓዱስ። አሁን ለሷ ቢቆፍር ምሽግ የተከለከለ ሁሉ ለሷ ለምን ሊል ነው፣ ባይቆፍር ደግሞ ዝርግ ድንች ሰጥቷት ሊሄድ ነው፣ የሚመልሰው ሄሊኮፕተር ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፣ ዝርግ ድንች ምን ይናገራል፣ ምንም፣ ያው ያቺው ሳቅ በመካከላቸው እንዳለች ትቀራለች። አስብ። በረሃ ላይ ያሰብክ ሰውዬ አስብ። ቱርኩ ጋ ደረሰች። ስኳር ድንቹ ጋ ደረሰች። መላ የለም፣ መሐላ መሐላ ነው፣ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው።

አንድ ጭልፋ። ዘፍ። ዝርግ።

መልካም የምስጋና ቀን፣ ወታደር ይላል፣ ድንቹን እያየ። ድምፁ ደህና ነው፣ ማንም ምንም አላወቀም፣ ብቻ ሳህኑ አይንቀሳቀስም። የጥፍሯ ስር የጠመንጃ ዘይት አለ። ሳህኑ አሁንም አይንቀሳቀስም፣ ቀና ይላል፣ ዊላ የምታየው እሱን አይደለም፣ አዳራሹን ነው፣ ቀድመው የተቀመጡትን፣ በየሳህኑ ላይ በየድንቹ መሃል ያንን ጉድጓድ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ታያለች፣ አፏ ጠርዝ ላይ የሆነ ነገር ይጀምራል። የነሱ ጉድጓድ አለው ጌታዬ ትላለች። ነበር፣ ይቁም ተባለ ይላል። ማን አለ። ሃምሳ አለቃ ባፕቲስት።

ዊላ ሳህኗን እንደያዘች ዞር ትላለች፣ ጓደኞቿ አሉ፣ የኔብራስካው ልጅ አለ፣ ሰልፉ አለ፣ ድምፅዋን ሳትደብቅ፣ ሳታስጮህም፣

ሃምሳ አለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባዬ ድንች ያለ ጉድጓድ ማቅረብ አይችልበትም።

አባዬ አለች። ሰው ፊት። ሹካ ሁሉ ቆሟል፣ አንደኛዋ ጓደኛዋ አፏን በእጇ ይዛለች፣ ሻምበል ሆልት ጭልፋውን አየር ላይ ረስቶታል፣ ባፕቲስት ዊላን ታያለች፣ ጄኔራሉን ታያለች፣ አገጩን ከአገጯ፣ ጆሮውን ከጆሮዋ ታስተያያለች፣ ትተነፍሳለች። ታዲያ ምን ይገትርዎታል ጄኔራል፣ ለልጅዎ ይቆፍሩላት እንጂ፣ ሰልፍ አለብኝ። ዊላ ትስቃለች፣ አሁን የምትስቀው እሷ ናት፣ ጥርሷ እንደዚያ ጊዜው፣ ካንሳስ፣ ሳጥኖቹ፣ የኔን ጠለቅ አድርገው አባዬ ትላለች ዝቅ ብላ፣ ለሱ ብቻ፣ ማንኪያውን ይገለብጣል፣ ጫን፣ ዞር፣ ሆልት ያፈሳል፣ አቁም የሚለው የለም፣ ያፈሳል፣ ጠለቅ፣ ግን እንዳይበዛ፣ የሳህኑ ወለል ታየ፣ መረቁ ጠርዙን አለፈ፣ በዛ፣ ይብዛ