የአቡጀዲው ኮርኒስ

የናይሮቢ ብርድ የሚመጣው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ነው። አገር ቤት ክረምት ሲባል ዝናቡም፣ ጭቃውም፣ ቆፈኑም ተያይዘው ነው የሚገቡት። እዚህ ግን ሰማዩ ዝናቡን በሚያዝያና በግንቦት ይጨርስና፣ ከሰኔ ጀምሮ እንዳኮረፈ ሰው ፊቱን አመድ አስመስሎ ይቀመጣል። አይዘንብም፣ ፀሐይም አያሳይም።

ባንታየሁ ይህን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከባለቤቱ ከሉቺያ ጋር ፓርክላንድስ ውስጥ፣ በአንድ አሮጌ ግቢ ጓሮ፣ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ሲኖር ስንትና ስንት ሰኔ አልፎበታል። መንገዱ ዳር በርበሬና ሽሮ የሚያከፋፍልባት ሱቅ አለችው፤ የሁርሊንግሃም ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤቶች ገና ሳይነጋ ሰው ይልኩበታል። ቤቷ ኮርኒስ የላትም። ተኝቶ ሽቅብ ላየ ሰው ወራጅ እንጨቱና ቆርቆሮው ብቻ ናቸው የሚታዩት። ይህ ለወጣት ምንም አይደለም፤ ለሉቺያ ደረት ግን ከበደ። አምና ሐምሌ ሳል ጸንቶባት ሆስፒታል ገባች። ከተጋቡ ወዲህ ሁለቱ ተለያይተው ያደሩት ያኔ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ሰኔ ሊያልቅ ሲል ልጃቸው ሐሊና ከከተማው ዳር፣ ከምትኖርበት ከሩንዳ መጣችና ቁርጡን ተናገረች።

«አባዬ፣ እማዬን እኔ ጋ ልውሰዳት። ቤቴ ዋርም ነው፣ ማንደጃም አለው። አንተም ና ብዬሃለሁ።»

«ሱቁንስ? ጎህ ሳይቀድ ከሩንዳ በማታቱ ታክሲ እየተጋፋሁ ልክፈተው?»

«እንግዲያው እሷ ትምጣ። እስከ መስከረም ብቻ። ፕሊዝ።»

ሉቺያ ባሏን አየች።

«ጣሪያውን ለብርዱ አዘጋጀዋለሁ» አለ ባንታየሁ። «የሐምሌ ገብርኤል ካለፈ በኋላ፣ እሁድ መጥተሽ እዪው። ቤቱ ከቀዘቀዘ የእናትሽን ሻንጣ እኔው ራሴ እሸከምልሻለሁ። ቃሌ ነው።»

«ፉንዲ ጥራ በቃ፣ አባዬ! ባለሙያ እያለ በዚህ ዕድሜህ ጣሪያ ላይ?»

«የደብረ ብርሃን ውርጭ ያሳደገኝን ሰው የናይሮቢ ፉንዲ ስለ ብርድ ሊያስተምረኝ?»

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሥራ ጀመረ። ግድግዳውና ቆርቆሮው በሚገናኙበት፣ ዙሪያውን እጅ የሚያሾልክ ክፍተት ነበር። ንፋሱ የሚገባው በዚያ ነው። ባንታየሁ ክፍተቱን በጆንያና በአሮጌ ስፖንጅ ጠቅጥቆ ደፈነው፤ በላዩም ጣውላ መታበት። ሲመሽ ቤቷ እውነትም ሞቀች። ሻይ አፍልተው ጠጡ። ባንታየሁ ካፖርቱን አውልቆ፣ «ይኸው! የደብረ ብርሃን ልጅ ማለት ይህ ነው» እያለ ተጎማለለ።

ጠዋት ሉቺያ ግንባሯን እየጠረገች ነቃች። ከላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ብርድ ልብሱ ርሷል። ተነሥታ ስትቀመጥ ሳል ያዛት፤ ያው የአምናው ሳል።

«ያፈሳል» አለች።

«ታዲያ ሐምሌ አይደል! ሚስማሩ ላልቶ ነው። ሬንጅ እቀባዋለሁ።»

መሰላል ተውሶ ወጣና የሚስማሩን ራስ አንድ በአንድ ሬንጅ ይቀባ ጀመር። ጎረቤታቸው ማማ ዋንጂሩ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ አየችው።

«ምዜ! ምቩዋ ኢኮ ዋፒ?» አለችው፤ ሽማግሌው፣ ዝናቡ የታለ ማለቷ ነው።

«ይመጣል! ሐምሌ ነው!» አላት በስዋሂሊ።

«ለማን ነው የሚመጣው? ለአንተ ብቻ?» ብላ ከትከት አለች።

እሱ አልሳቀም። ሐምሌና ዝናብ ከልጅነቱ ጀምሮ በልቡ አንድ ላይ የተሰፉ ናቸው። በሐምሌ ያንጠባጠበ ጣሪያ ቀዳዳ ከሌለው ሌላ ምን ይኖረዋል? የግቢው መሬት ደረቅ መሆኑን ዓይኑ እያየ ልቡ አላየም።

በማግስቱም ጠብ አለ፤ እንዲያውም ባሰበት። ባንታየሁ ሬንጁን አንሥቶ ወደ በሩ ሲሄድ ሉቺያ ጠራችው።

«ባንቴ፣ ተው አትውጣ። ና፣ እዚህ ጎኔ ጋደም በል።»

ጋደም አለ።

«ቀዳዳውን አሳየኝ እስቲ።»

ፈለገ። ቆርቆሮው ከዳር እስከ ዳር አልቦታል። ሚስማር ባለበትም፣ በሌለበትም ጠብታ ተንጠልጥሏል።

«ሌሊት ዝናብ ሰማህ?»

«አልሰማሁም።»

«የፈላ ድስት ክዳን ገልብጠህ አይተህ ታውቃለህ? የት ታውቃለህ አንተ!» አለችና ሳቋን ሳሏ አቋረጠባት። «ትንፋሻችን ነው። የሻያችን እንፋሎት ነው። መውጫውን ደፈንክበት፣ ቀዝቃዛ ቆርቆሮ ላይ እየወጣ ውሃ ሆነ። አንተ እኮ ቤት አላሞቅህም፣ ድስት ነው የከደንክብን።»

ባንታየሁ አፈረ። ከማፈሩም ይልቅ ፈራ።

«ታዲያ ልክፈተው? ብርዱን በገዛ እጄ ና ግባ ልበለው? እሁድ ልጅቷ መጥታ ይዛሽ ትሄዳለች እኮ!»

«ክፈተው። ከሥሩ ግን ኮርኒስ እንወጥራለን። ጉለሌ እንደተጋባን የገባንባትን ቤት ረሳሃት? የአቡጀዲ ኮርኒሷን?»

«ያቺን አይጥ የሚጋልብባትን?»

«አይጡን ተወውና ጨርቁን አስብ። ንፋሱ ከጨርቁ በላይ ይመላለሳል፤ ሙቀቱ ከጨርቁ በታች እኛ ጋ ይቀራል።»

ከኢስሊ ገበያ አቡጀዲ ገዛ። ሉቺያ ጋቢዋን ተከናንባ ቁራጩን ከቁራጭ ሰፋችው፤ እሱ ጠርዙን በቀጭን እንጨት ይዞ ከግድግዳ ግድግዳ ወጠረው። ከዚያ የስንዴ ዱቄት በውሃ አቅጥነው አፈሉና በብሩሽ ቀቡት። ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ። በላዩ ነጭ ቀለም ቀባው።

የቀረው ጆንያዎቹን ማውጣት ነበር። መሰላሉን እያዞረ አንድ በአንድ ጎተታቸው። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ንፋሱ ፊቱን መታው፣ እጁም አመነታ። «ምነው፣ በረደህ የደብረ ብርሃን ልጅ?» አለች ሉቺያ ከታች። ጎተተው።

ጠዋት ዓይኑን ሳይገልጥ ብርድ ልብሱን ዳሰሰ። ደረቅ ነው። ሉቺያ ተኝታለች።

እሁድ እሱ ከኦርቶዶክሱ፣ እሷ ከካቶሊኩ ቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ገና አረፍ ሲሉ፣ ሐሊና ባዶ ሻንጣ እየጎተተች ገባች። ሽቅብ አየች።

«አባዬ፣ ይሄ... ቤድሺት ነው?»

«ኮርኒስ ነው።»

«ጨርቅ? ሲሪየስሊ?» ወንበር ላይ ወጥታ በጣቷ መታ መታ አደረገችው፤ ድም፣ ድም አለ። «እማዬ፣ ሳሉስ?»

«ከትናንት ወዲያ ነበረ። ዛሬ የለም» አለች ሉቺያ። ሉቺያ ለልጇ አትዋሽም።

ምሳ ተበላ። የጉለሌዋ ቤት ወሬ ተነሣ፤ አይጧም በኮርኒሱ ላይ እንደገና ጋለበች። ሻንጣው በሩ ሥር እንደቆመ ማንም ስሙን ሳያነሣ ቀኑ መሸ። ሐሊና ወላጆቿን ስማ ተነሣች፤ ሻንጣውን አየች፣ አባቷን አየች።

«ቃሌ ቃል ነው» አለ ባንታየሁ፤ ድምፁ ግን ዝቅ ብሎ ነበር።

ሐሊና በሩን ከፍታ ወጣች። ወዲያው ክንዶቿን አቅፋ ተመልሳ ገባች።

«ኡፍ! ባሪዲ ሳና፣ ብርዱ! ጃኬቴ የት ሄደ?»

ሉቺያ በአገጯ ጠቆመቻት። ጃኬቱ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ተንጠልጥሏል። መቼ እንዳወለቀችው ራሷም አታውቅም። ቀስ ብላ ለበሰችውና አንድ ጊዜ ሽቅብ አየች።

«ነሐሴ ላይ መጥቼ አያለሁ» አለች።

«ነይ» አለች ሉቺያ።

ባንታየሁ ባዶውን ሻንጣ አነሣ። «እሸከምልሻለሁ ብያለሁ» አለና እስከ መኪናዋ ድረስ ተሸከመላት።