እሁድ የተባለው ሽምግልና

1.

ቆመዋል።

2.

አንባቢ ሆይ፣ ከደጃፍ ስለጀመርኩ አትቀየመኝ። አቶ አንለይም ቢሆኑ እዚህ ደጃፍ እንዴት እንደደረሱ አያውቁም። ከትናንት ጀምሮ ደንዝዘዋል፤ እግራቸው ነው ያመጣቸው።

3. ሰፈሮቹ

ሰንበሌጥ፦ ከወንዙ ወዲያ። ሃያ ሦስት ቤት፣ አንድ ትምህርት ቤት። መምህርት ውብርስት የምታስተምርበት።

ሾላ በር፦ ከወንዙ ወዲህ። የውብርስት እናት የወይዘሮ ይታክቱ ቤት ያለበት።

ወንዙ፦ ትናንት ውብርስት እናቷን ልትጠይቅ ስትሻገር ደራሽ ውኃ ወሰዳት። የሰንበሌጥ ሰዎች አመሻሽ ላይ ሬሳዋን አገኙ። ሾላ በር ገና አልሰማም።

4. አራት ሽማግሌ መርዶ ሲነግር

ማልደህ ሂድ። ከቃሬዛው ቅደም። አትቀመጥ። ታላቅየው ይናገር።

(ታላቅየው አቶ አንለይ ናቸው።)

5. አራት ሽማግሌ ልጅ ሲጠይቅ

ማልደህ ሂድ። እሺ ሳትባል አትቀመጥ። ታላቅየው ይናገር።

እነዚሁ አራት ሰዎች የፊታችን እሁድ ውብርስትን ለአንድ የሰንበሌጥ ጎበዝ ሊጠይቁ ተመርጠው ነበር። ወሬው እናትየው ዘንድ ደርሷል።

ዛሬ ሐሙስ ነው።

6. ደጃፍ ላይ የተባለው

ይታክቱ፦ እሁድ ስትባሉ በሐሙስ? ልጁ መቀመጫ አሳጣችሁ ማለት ነው።

አንለይ፦ ወይዘሮ ይታክቱ፣ እኛ የመጣነው...

ይታክቱ፦ ቆይ አያ አንለይ፣ እኔም ወጉ ይድረሰኝ እንጂ። አባቷ ባይኖር አጎቷ አለ። እሱን ሳላማክር እሺ አልልም። ለሳምንት ተመለሱ።



7.

ተመለሱ።

አዎ፣ ሳይናገሩ። አቶ አንለይ የግቢውን በር እስኪያልፉ ድረስ እፎይ ብለው ነበር። ለዚያች እፎይታ ራሳቸውን መቼም ይቅር የሚሉ አይመስለኝም።

ከበሩ ውጪ ቁልቁል አዩ። ቃሬዛው ሾላው ሥር ደርሷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ጡሩምባ ነፊው ዓይኑን ከአቶ አንለይ ዱላ ላይ አልነቀለም። ዱላው ከፍ ሲል ሊነፋ ነው የተስማሙት።

ሳምንት የለም። አንድ ሰዓትም የለም።

8.

ይታክቱ (ከኋላቸው፣ እየሳቁ)፦ ኧረ ኑ፣ ኑ! አላስችል አለኝ። ስንት ዓመት የጠበቅሁትን ቀን በወግ ሰበብ ላባርረው እንዴ? እሺ ብያለሁ። ወንዙን ስትሻገሩ እናትሽ እሺ አለች በሏት።

አሁንስ ትቀመጣላችሁ?

9.

አንለይ፦