ባልዲው ዝም ሲል

ተንሸራተተ እንጂ አልጣልኩትም፣ ይላል ሰዓት ሠሪው ለራሱ፣ ከጠዋት ጀምሮ ይቺን ነገር አሥር ጊዜ ብሏታል፣ እጄ ርጥብ ነበር፣ መስታወት ደግሞ መስታወት ነው፣ ተንሸራተተ፣ አለቀ። ኧረ ባክህ። ከአሸዋ ፍሬ የምታንስ ብሎን በወረንጦ ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ቦታዋ ላይ የሚያስቀምጥ እጅ አንድ ስንዝር የሚያህል የመጠጥ መለኪያ ዘንግ ጣለ ቢሉት ማን ያምናል? እሱም አላመነም።

ባልዲው ወጥ ቤቱ ጥግ ተቀምጧል፣ ክዳኑ ላይ ውሃ የያዘች ጠማማ ቱቦ አለች፣ ቡልቅ ትላለች፣ ትቆያለች፣ ቡልቅ። ስምንት ቀን ሙሉ አረፋውን በእጅ ሰዓቱ ሲቆጥር ከርሟል፣ በመጀመሪያው ቀን በሴኮንድ ሁለቴ፣ በአራተኛው በየአምስት ሴኮንዱ፣ ዛሬ ግን፣ ቆይ፣ አርባ፣ ሃምሳ፣ ስልሳ አምስት፣ ምነው ዝም አልክ አንተ፣ ሞትክ እንዴ፣ ቡልቅ፣ እሺ፣ አለህ።

ባልዲውን ከነመጥመቂያ ዕቃው በካርቶን ያመጣው ታላቅ ወንድሙ ነው። ለጀማሪዎች ይላል ላዩ ላይ፣ ያለ እሳት፣ በስኳርና በእርሾ ብቻ፣ ጉሮሮ የሚያቃጥል መጠጥ በአሥር ቀን። ወንድሙ፣ ለልጄ ሠርግ ነው፣ አንተ እጅህ ጥንቁቅ ነው፣ ደግሞ መጠጥ ካቆምክ ዓመት አልፎሃል፣ ካንተ የበለጠ የሚታመን ከየት ይመጣል፣ ብሎ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ሄደ። ለጀማሪዎች። እሱ ጀማሪ ነው እንዴ? ሃያ ዓመት ሙሉ የጠጣ፣ ያጠጣ፣ ግድግዳ ተደግፎ የገባ ሰው ነው። ሚስቱ ካርቶኑን ስታይ፣ ሥጋ ለጅብ አደራ ይሰጣል እንዴ፣ ብላ ሳቀች፣ ሳቋንም ቶሎ ዋጠችው። የዛሬ አሥራ አራት ወር ምን ነበር ያለችው? አልጮህም፣ አላለቅስም፣ አንድ ጉንጭ ብትቀምስ ግን ልጄን ይዤ ወደ እናቴ ነው፣ በሩንም አልዘጋልህም። ታደርገዋለች፣ ያለችውን ሳታደርግ የቀረችበት ቀን የለም።

እና ለምን እሺ አልክ? ወንድሜ ስለሆነ። ውሸት። ሽታው ናፍቆኝ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፣ የእኔን ሳልጠጣው አወጣው።

የመመሪያ ወረቀቱን እንደገና ያነሳል፣ በቃሉ ይዞታል እኮ፣ አረፋው ሲቀንስ መለኪያውን ይንከሩ፣ እስከ ቀዩ መስመር ከሰመጠ መጠጡ ደርሷል፣ ከሥር ደግሞ በደቃቁ፣ መለኪያ ከሌለዎት በማንኪያ ይቅመሱ፣ ከጣፈጠ ስኳሩ አላለቀም፣ ጣፋጭነቱ ከጠፋ ደርሷል። ይቅመሱ። አንቱ ብለው ነው የሚጋብዙት፣ ክብር እንኳ አልጎደለበትም። ይህችን መስመር መቼ ነው ያነበብካት? መለኪያው ከተሰበረ በኋላ ነው በል፣ በኋላ ነው በል። በፊት ነው። ትናንት አነበባት፣ ዛሬ ጠዋት መለኪያው ወለሉ ላይ ነበር።

ማንኪያው እጁ ላይ ነው፣ መቼ አነሳው? ክዳኑን ይከፍታል፣ ሽታው ሽቅብ ይመጣል፣ አፉ ውሃ ይሞላል፣ ሞኝ አፍ። አንድ ማንኪያ፣ መድኃኒትም በማንኪያ ነው፣ ቀምሼ እተፋዋለሁ፣ ሥራ ነው እንጂ መጠጣት አይደለም፣ ወንድሜ አደራ ብሎኛል፣ ሳይደርስ ባቀርብ ያዋርደኛል። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ዝም በል። ማንኪያው ይሞላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይፈሳል፣ ያ አሥራ አራት ወር የተወው መንቀጥቀጥ ገና ሳይጠጣ መጣበት፣ ፈራ፣ እንደ ልጅ ፈራ።

በሩ። ሚስቱ ናት፣ ከዳቦ ቤት፣ ቅንድቧ ላይ ዱቄት አለ። ባልዲውን ታያለች፣ ማንኪያውን፣ ቆሻሻው ውስጥ ያለውን ስብርባሪ። ቀመስክ? አልቀመስኩም። ና እስቲ። እንደ ድሮው አፉን ታሸተዋለች፣ ቆማ፣ ረጅም ጊዜ። አልቀመስክም። አልቀመስኩም፣ ግን ሆን ብዬ ነው የሰበርኩት፣ ይላታል፣ ከአፉ ሲወጣ እሱም አብሮ ይሰማዋል፣ ልቀምስ ብዬ ነው የሰበርኩት። አሁን ትሄዳለች፣ ይላል በልቡ። የልጃችንን ቦርሳ ታነሳለች፣ በሩ ክፍት ነው፣ አሁን።

ማንኪያውን ከእጁ ትወስዳለች። ነክራ ትቀምሳለች። ዳቦ ቤት በእርሾ ሊጥ ስታቦካ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ ደረሰ አልደረሰ ለማለት መለኪያ አያስፈልጋትም፣ ፊቷ ጭምድድ ይላል፣ ይሄ ጣፋጭ የቀመሰ ሰው ፊት አይደለም። ይጣፍጣል፣ ትላለች። ገና ነው። ነገም እኔ ነኝ የምቀምሰው፣ ከነገ ወዲያም፣ ሠርጉ ድረስ፣ ሰማኸኝ? ክዳኑን ትጭናለች፣ እጇን በቀሚሷ ትጠርጋለች፣ ምሳ በልተሃል ወይ ትለዋለች።

አልበላሁም። ሰዓቱን ያያል፣ ዘጠና፣ መቶ ሃያ፣ ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ፣ ቱቦዋ ጭጭ ብላለች፣ አንዲት አረፋ የለም። አንቺ፣ አረፋው ቆሟል እኮ፣ ሊላት አፉን ይከፍታል፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታው ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ቢላዋው ቆም ይላል፣ ትጠብቃለች፣ ነገም እቀምሳለሁ ያለች ሴት ነገም እዚህ ናት።

ገና ነው፣ ይላል፣ ሰዓቱን ከእጁ እየፈታ።