የሠላሳ አንድ ቁጥሯ ፍም

"ከንፈሯን ምን አደረጋችሁት?" አለች መምህርቷ።

ታላቅ ወንድሟ ፎቶግራፉ ተጠቅልሎበት የመጣውን ጋዜጣ ገና ልጦ አልጨረሰም። ሳሎኑ ውስጥ ከየጎረቤቱ የተሰበሰቡ ወንበሮች ግድግዳውን ታከው ተደርድረዋል። ለማጽናናት የመጡ ሰባት ስምንት ሰዎች የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ አቀርቅረዋል። ስለዚህ የመለሰላት በሹክሹክታ ነበር።

"ምንም አላደረግነው። ፎቶ ቤቱ ትንሽ አደብዝዞት ነው።"

"ትንሽ?"

ፎቶው ላይ ያለችው እህታቸው ናት፤ የሦስቱም ታላቅ ባትሆን የሦስቱም ደፋር። ከትናንት በስቲያ ማለዳ አውቶብሷን ልታስነሳ መሪው ላይ እንደተቀመጠች ልቧ ቆመ። ትናንት ተቀበረች። ፎቶው በሹፌርነት ሃያ ዓመት ስትሞላ የምትሠራበት የአውቶብስ ዴፖ ያስነሳት ነው። ሰማያዊ ዩኒፎርሟ፣ ወረቀት እስኪመስል የተተኮሰው ነጭ ኮሌታዋ፣ ጭንቅላቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል የማድረግ ልማዷ፣ ሁሉም አለ። ቀዩ ከንፈሯ ግን ጠፍቷል። በቦታው የታመመ ሰው ከንፈር የመሰለ ገርጣ ያለ ነገር ተቀብቷል። ከላይኛው ከንፈሯ ወደ አፍንጫዋ የሚወጣው ጠባሳም አብሮ ተጠርጎ ሄዷል።

"የሐዘን ቤት ነው እኮ" አላት ወንድሟ፣ ሚስማሩን በዓይኑ እየፈለገ። "ወጪ ወራጁ ብዙ ነው። ቀይ ነገር ደስ አይልም።"

መምህርቷ ሃምሳ ሁለት ልጆች የሚንጫጩበትን ክፍል በአንድ ቃል ጸጥ የምታሰኝ ሴት ናት። አሁን ግን ወንድሟን "እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ?" ብላ ለመቆጣት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። እሱን የመቆጣት መብት እንደሌላት የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

ፎቶው ተሰቀለ።

*

መምህርቷ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ እህቷ አሥራ ዘጠኝ ሳለች አንድ ክፍል ነበር የሚጋሩት። እህቷ ስትወለድ የላይኛው ከንፈሯ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ሐኪም ሰፍቶላታል፤ ስፌቱ ግን ከንፈሯን ወደ ላይ ጎተት አድርጎ ቀርቷል። የሰፈር ልጆች ያወጡላት ስም ለመድገም የሚከብድ ነው። እናታቸውም ክፉ ሴት ሆና ሳይሆን ልጇን ከሰው ዓይን ለመከለል ብላ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር "አፍሽን ያዝ አድርጊ፣ የኔ ልጅ" ትላት ነበር። ያዝ አደረገች። እጇ አፏ ላይ አደገ ቢባል ይቀላል። ስትስቅ፣ ስትበላ፣ ትምህርት ቤት ጥያቄ ስትመልስ፣ ሁልጊዜ አራት ጣት አፏ ላይ አለ።

መጀመሪያ የተቀጠረችው በትኬት ቆራጭነት ነው። ሥራው ፌርማታ መጥራት አለበት። አፏን ይዛ ስትጣራ ማን ይስማት! በሦስተኛው ሳምንት ሦስት ሰዎች መውረጃቸውን አለፉና አውቶብሱን በጩኸት ናጡት። የስምሪት ኃላፊው ጠርቶ "ወይ እጅሽን አውርጂ፣ ወይ ሥራውን ተይው" አላት።

የዚያን ቀን አመሻሽ ላይ ገብታ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ነገር አወጣች። ክዳኗን ከፍታ ጫፏን ስታሽከረክር ቀይ ብቅ አለ። ደም የመሰለ፣ ዓይን የሚወጋ ቀይ።

"እቴቴ! ይኼን ልትቀቢ?" አለች ታናሿ።

"ሻጯ መጀመሪያ ቡናማ፣ ቀጥላ የቆዳ ቀለም ያለው አመጣችልኝ። 'ይኼ ጥሩ አድርጎ ይደብቅልሻል' አለችኝ። 'እህቴ፣ የሚደብቅ አልጠየቅኩሽም፤ የሚጮኽ ስጪኝ' አልኳት።" ሳቀች፤ እጇ ወደ አፏ ሊሄድ ተነሳ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ ተመልሶ ጭኗ ላይ አረፈ።

በማግስቱ ማለዳ ከመስታወቱ ፊት ቆማ ስትቀባ ታናሽ እህቷ ከብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና አየቻት። ከግራ ጥግ ጀምራ ቀስ ብላ መጣች። ጠባሳው ጋ ስትደርስ ትንፋሿን ያዘች፤ ከንፈሯ በወጣበት ወጣች፣ በወረደበት ወረደች። ያልነበራትን ከንፈር አልሳለችም። ያላትን ነው ያቀላችው።

እናታቸው በሩ ላይ አይታት ክው አለች። "ምን ጉድ ነው ይኼ? ጭራሽ መብራት ታበሪበት ጀመርሽ?"

"እማዬ፣ ሰው እንደሁ ማየቱን አይተውም። ካየ አይቀር እኔ የመረጥኩለትን ይይ።"

ከዚያ ወዲያ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሌላ ቀለም አልነካችም። ሹፌር ሆና የሠላሳ አንድ ቁጥርን መሪ ስትይዝ ተሳፋሪው ሁሉ "ፍሟ" ይላት ጀመር።

*

"ፍሟ ያለችበት አውቶብስ ማሞቂያ አይፈልግም እንል ነበር" አለች ለቅሶ ልትደርስ የመጣችው ትኬት ቆራጭ።

የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ትኬት ቆራጯ ከሟቿ ጋር አሥራ አንድ ዓመት በአንድ አውቶብስ የሠራች፣ በጩኸት ብዛት ድምጿ የተሰነጠቀ ወፍራም ሴት ናት። እንባዋን በመሐረብ እየጠረገች ነው የምታወራው፤ ወሬዋ ግን ሰውን ማሳቁ አልቀረም።

"አንድ ቀን አንዱ ቆፍጣና ነኝ ባይ ገባና 'ሴትዮ፣ በጠዋት እንዲህ ተቀብተሽ ሠርግ ነው እንዴ የምትሄጂው?' አላት። ዞር እንኳ አላለችም! በመስታወት አየችውና 'አዎ ወንድሜ፣ አንተ ነህ ሚዜው፤ ተቀመጥ፣ ልንሄድ ነው' አለችው። አውቶብሱ በሳቅ ሊፈነዳ! እሱ ራሱ ከሦስት ፌርማታ በኋላ ሳቀ።"

አንድ አዛውንት ሻዩ ትን አላቸው። አንዲት ጎረቤት ሳቋን በነጠላዋ ደበቀች። መምህርቷ ብቻ ተነስታ ወደ ማዕድ ቤት ገባች፤ ትርፍ ብርጭቆ ፍለጋ መስሎ ይታይ እንጂ ያስነሳት "ሠርግ" የሚለው ቃል ነው።

የራሷ ሠርግ ትዝ ብሏት ነበር። አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል። ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው የእጮኛዋ እናት በጨዋ ደንብ፣ በፈገግታ፣ "ያቺ ሹፌሯ እህትሽ መቼም ለሠርጉ ለየት ብላ ትመጣለች አይደል?" አለቻት። መምህርቷ ነገሩ ገባት። ያን ምሽት እህቷ ቤት ሄደች፤ ጫፍ ጫፉን ስትል ቆየችና ተናገረችው።

"እቴቴ፣ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ቀዩን ብትተዪውስ?"

እህቷ ኮሌታዋን እየተኮሰች ነበር። ካውያውን አቆመች። ቀና ብላ አላየቻትም።

"አማትሽ ናት ያለችሽ?"

"አይ... እኔ ነኝ።" ይኼን ያለችው አማቷን ለመከላከል ነው፤ ከአፏ ሲወጣ ግን እውነት ሆነ።

"እሺ፣ የኔ እመቤት" አለች እህቷ። "ያንቺ ቀን ነው።"

መጣችም፤ ባዶ ከንፈሯን ይዛ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላነሳችባትም። በማግስቱ ማለዳ ቀይ ተቀብታ መሪዋ ላይ ነበረች። መምህርቷም "ይቅርታ" የምትልበትን ቀን ስትቀጥር፣ ዛሬ ነገ ስትል፣ አሥራ አምስት ዓመት እንደ ዋዛ ሄደ።

*

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች። ጃንጥላዋን አጥፋ በብብቷ ይዛለች፤ እጆቿ ከሳሙና ብዛት ነጥተው ተሰነጣጥቀዋል። ቤተሰቡ አያውቃትም። ጫማዋን ምንጣፉ ላይ ጠርጋ ገባች፣ ለተቀመጡት ሁሉ አንገቷን ዝቅ አደረገች፣ ከዚያ ቀና ብላ ፎቶውን አየች። ቆየች። ፊቷ ላይ ግራ መጋባት መጣ።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አለች ወደ ኋላዋ እያፈገፈገች። "ቤት ተሳስቼ ነው መሰለኝ። እግዜር ያጥናችሁ።"

በሩ አጠገብ የቆመው ወንድምየው ነበር። "ማንን ፈልገሽ ነው?"

"የሠላሳ አንድ ቁጥሯን ሹፌር። እዚህ ነው ብለውኝ ነበር።"

"እዚህ ነው። እህቴ ናት" አላትና ወደ ፎቶው አመለከተ።

ሴትየዋ ደግማ አየች። "እሷ ናት?" አለች በቀስታ፤ ልታምነውም፣ ሰው ልታስቀይምም አልፈለገችም። "ስሟን እንኳ አላውቀውም እኮ። ሆስፒታል ልብስ አጣቢ ነኝ። ጠዋት ልጆቼን አሰናድቼ ስወጣ ሁሌ ይረፍድብኛል፤ ስሮጥ ከሩቅ በመስታወቷ ታየኛለች። ትስቅልኝና ትቆምልኛለች። ቀዩን ካየሁ ደረስኩ ማለት ነው።" ዓይኗ ሞላ። "ዘጠኝ ዓመት ቆማልኛለች። እዚህ ላይ ግን... አላወቅኳትም። ይቅርታ።"

ወንድምየው ወንበር ሳበላት። ሻይ ራሱ ቀድቶ ሰጣት። ከዚያ ወደ እህታቸው መኝታ ቤት ገባ። መምህርቷ ተከተለችው።

የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ክርክር ሲጽፍ ኖሮ የራሱን መናገር አይችልበትም። አልጋው ላይ ተቀምጦ ወለሉን እያየ ጀመረ።

"በቀብሩ ላይ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። 'ከነዚያ ከንፈሯ ሄደች' ሲሉ። ልጅ ሆኜ ስለሷ አፍ ስንቱን ፈንክቻለሁ! ኋላ ካደገች ወዲያ ለራሷ ትመልስ ነበር፤ እኔን አትፈልገኝም ነበር። አሁን ግን መመለስ አትችልም። ማን ይመልስላት? የሚያዩት ነገር ካጡ ዝም ይላሉ ብዬ ነው።"

መምህርቷ አጠገቡ ተቀመጠች። ልትቆጣው ተዘጋጅታ ነበር የገባችው፤ እሱ ግን ለእህታቸው ሲከላከል የኖረ ልጅ ሆኖ ተገኘ።

"ጋሼ፣ እኔም እንዳንተ አድርጌያታለሁ" አለችው።

ተነሳችና ከቁምሳጥኑ በታች የሠርጓን አልበም አወጣች። ለእህቷ የሰጠቻት ቅጂ ነው፤ ጥጉ እንኳ አልተላላጠም፣ ብዙ ያልተከፈተ ነው። ጭኑ ላይ ዘርግታ ገጽ በገጽ ገለጠችለት። ሙሽራዋ ከእህቷ ጋር። እህትየው ከአማቶች ጋር። እህትየው ምግብ ስታነሳ፣ ስትጨፍር፣ ሕፃን ታቅፋ። በሁሉም ላይ አራት ጣት አፏ ላይ አለ።

"ቀዩን እንዳትቀባ የለመንኳት እኔ ነኝ። ሠርጌ ላይ ያየችው ሰው አንድም የለም፤ እጇን ነው ያዩት። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም፣ ጋሼ። አንድ ቀን እንኳ ብትወቅሰኝ ምን ነበር?" አለችና ከቀብሩ ወዲህ ላንድ አፍታም ያላፈሰሰችው እንባ አመለጣት።

ወንድሟ አልበሙን ቀስ ብሎ ዘጋው። መዳፉን ጀርባዋ ላይ አሳረፈ። ሲጸናናም ሲያጽናናም አያውቅበትም፤ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጋት።

"ማን ይመልስላት ካልክ" አለችው አፍንጫዋን እየጠረገች፣ "እኔ እመልስላታለሁ። የሚል ካለ ይምጣና ለኔ ይበለኝ።"

"እኛ" አለ ወንድሟ። ኮቱን አንስቶ ወጣ።

*

ሲመለስ ጥላው ረዝሟል። ልብስ አጣቢዋ ገና አልሄደችም፤ ትኬት ቆራጯ ይዛት ስለ ሠላሳ አንድ ቁጥር ያወራሉ። ወንድምየው ማንንም ሳያናግር ወንበር አምጥቶ ወጣበት። የደበዘዘውን አወረደና ፎቶ ቤቱ ሳይነካው ያስቀረውን ቅጂ በቦታው ሰቀለ።

ቀዩ ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ገጠመ። ጠባሳውም፣ ወደ ላይ ጎተት ያለችው ከንፈርም፣ ልትስቅ ስትል የምትጠብባቸው ዓይኖቿም ተመለሱ።

"እሷ ናት" አለች ልብስ አጣቢዋ ለራሷ።

ወንድምየው ግን ከወንበሩ አልወረደም። ጀርባውን ለሰው እንደሰጠ ፍሬሙን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ቀኝ ገፋ አደረገው፤ መልሶ ወደ ግራ። ፎቶው ቀድሞውኑ ቀጥ ብሎ ተሰቅሏል። ሁሉም ያያል። ትከሻው ግን መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዞሮ መውረድ አልቻለም።

መምህርቷ ሄዳ ከወንበሩ ሥር ቆመች።

"ትንሽ ወደ ግራ ነው መሰለኝ፣ ጋሼ" አለችው።

ገፋ አደረገው። "አሁንስ?" አለ ሳይዞር።

"ገና ነው" አለችው፣ እንዳይወድቅ ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ። "ቀስ ብለህ።"