የማታለቅሰው አክስት

በቤተሰቡ ዘንድ መጠሪያዋ «ጀግኒት» ነው። ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው። ልጅ ሳለች በር ጣቷን ጨፈለቀው፤ እሷም ዝም አለች። ዝም ያለችው ድንጋጤ አፏን ስለያዘው ነበር፤ ግን ማን ጠይቋት! አባቷ እንግዳ በመጣ ቁጥር «የኔ ልጅ እኮ ወንድ ናት» እያሉ ሲያወሩላት፣ ሰምታ ሰምታ አመነችው። ልጅ ስለ ራሱ ምን ያውቃል፣ የነገሩትን ነው። ከዚያ ወዲህ ወድቃም ተመትታም አላለቀሰች።

አባቷ የሞቱ ቀን ወንበር ስታደላድል ዋለች። «አንጀቷ ጠንካራ ነው» ተባለላት። ሰው ሁሉ ሲሄድ ለብቻዋ ልታለቅስ ሞከረች፤ ምንም የለም። አሁንም ደስታውም ሐዘኑም የጎረቤት ሬዲዮ ይመስል ከሩቅ ነው የሚሰማት።

ከታናሽ እህቷ ጋር ላውንደሪ አላቸው። እህቷ ከፊት ደንበኛ ትቀበላለች፣ እሷ ከጓሮ ክፍል ልብስ ትተኩሳለች። ዛሬ የእህቷ ልጅ እየተሯሯጠች መጥታ የጋለውን ካውያ በመዳፏ ነካችው።

ልጅቱ አላለቀሰችም። መጀመሪያ የአክስቷን ፊት አየች፣ ከዚያ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። እናትየው ደንግጣ ገባች፤ ልጇ ዝም ማለቷን ስታይ ግን ፊቷ በራ።

«አክስቷን ነው የወጣችው» አለችና ደንበኛ ሲጠራት ወደ ፊት ተመለሰች።

ጀግኒት የልጅቱን እጅ ቧንቧ ስር ያዘችላት። መዳፏ ቀልቷል።

«ያምሻል?»

«አያመኝም።» አገጯ ይንቀጠቀጣል።

ጀግኒት ፈራች። ስንት ዘመን ምንም ሳይሰማት ኖራ፣ አሁን ፈራች። ይህች ልጅ እሷን ልትሆን ነው።

«አልቅሺ» አለቻት።

«ጀግና አያለቅስም። አክስቴ፣ አንቺ አልቅሰሽ ታውቂያለሽ?»

«በደንብ ነዋ» ብላ ዋሸች። ፊቷን አጨማዳ፣ አፏን ከፍታ ታለቅስ ጀመር። ለቅሶ ከተባለ ነው፤ የታመመች ፍየል ከሷ ትሻላለች። ልጅቱ ትክ ብላ አየቻት። ከንፈሯ ተጣመመ፣ ከዚያ ቤቱን በለቅሶ አናወጠችው። ጀግኒት እቅፍ አድርጋት፣ በነጻ እጇ የራሷን ጉንጭ ዳሰሰች። ደረቅ ነው።

እናትየው እየሮጠች መጣች። «ምነው፣ ደህና አልነበረች እንዴ? ምን አደረግሻት?»

«ምንም» አለች ጀግኒት። «አሟት ነው።»