የባኞው ውታፍ

አሉላ ረቡዕ ማታ የታጠበበት ውሃ ዓርብ ረፋድም ባኞው ውስጥ እንደተኛ ነው። ግራጫ ሆኗል፤ ዳር ዳሩን የሳሙና ቅባት ይዞታል። ደሊና ከሳሎን ወደ መታጠቢያ ቤት፣ ከመታጠቢያ ቤት ወደ ሳሎን ትመላለሳለች። አንዴ ውሃውን ታያለች፣ አንዴ እናቷን። ውሃው አይወርድም። የእናቷም የደም ግፊት አይወርድም።

ጠዋት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ አስራ ስትለካቸው ቁጥሩን ካለፈው ብሶ አገኘችው። ወይዘሮ አልጋነሽ ጨው ትተዋል። ክኒናቸውንም በየጠዋቱ ይውጣሉ፤ ቢያንስ ደሊና የምታውቀው እንደዚያ ነው። ካዛንቺስ ያለው ሐኪማቸው ደግሞ ባለፈው ቀጠሮ፣ "ሲመለሱ ካልወረደ መጠኑን እጥፍ አደርገዋለሁ፤ ሌላም እጨምርበታለሁ" ብሏቸዋል። ቀጠሮው ነገ ነው።

ደሊና ኡራኤል አጠገብ በሚገኝ ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። አንድ ውጤት ከሚጠበቀው ሲርቅ ከበሽተኛው በፊት የሚጠረጠረው ናሙናው፣ አያያዙ፣ መሣሪያው እንደሆነ ተምራለች። መሣሪያውን የራሷ ክንድ ላይ ሞክራዋለች፤ ደህና ነው። ሌላ የምትጠረጥረው አጣች። የሚጠረጠር ነገር ካጣች ደግሞ መቀመጥ አይሆንላትም።

"አንቺ ልጅ፣ ምንጣፉን ጨረስሽው እኮ" አሉ እናቷ።

በሩ ተከፈተና ታናሽ ወንድሟ አሉላ አንድ ጠርሙስ ከፍ አድርጎ ይዞ ገባ።

"በቃ፣ አለቀ! አሲድ ነው። ባለሱቁ ድንጋይ ያቀልጣል ነው ያለኝ።"

"ቧንቧውንስ?" አለች ደሊና።

"ያ ቧንቧ? እሱ እኛን ሁላችንንም ይቀብራል።"

ወይዘሮ አልጋነሽ ከሶፋው ተነሱ። "ምንድን ነው የያዝከው?"

"አሲድ ነው ማዘር። ለባኞው።"

"ዋይ ኣነ!" ሲደነግጡ አማርኛው ጥሏቸው ይሸሻል፤ የአገራቸው ትግርኛ ይቀድማቸዋል። "እዚያ ውስጥ ኬሚካል አይደፋም! ሰምተሃል? ጠብታ እንዳታስነካው!"

"ሽታውን ፈርተሽ ነው? መስኮት እንከፍታለና።"

"አይደፋም አልኩ!" ፈጥነው የመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆሙ፤ እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘረጉ።

"ኧረ ማዘር፣ ፍጹም ቅጣት ምት ልታድኚ ነው እንዴ? ስታዲየም ሰው ይፈልጋሉ ልውሰድሽ?"

ደሊና አልሳቀችም። እናቷ ወለሉንም መጸዳጃውንም በበረኪና ሳያጥቡ የማያድሩ ሴት ናቸው፤ ሽታው ደረጃው ድረስ ይወርዳል። የኬሚካል ጥላቻቸው ገና ዛሬ መወለዱ ነው። ይህን በልቧ ያዘችና፣

"እሺ እማዬ፣ ያለ ኬሚካል አወጣዋለሁ። ከበሩ ላይ ዞር በይ" አለች።

ዞር አሉ፤ ግን ሩቅ አልሄዱም። መኝታ ቤታቸው ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

ደሊና እጅጌዋን ሰብስባ ውሃውን በጣሳ እየቀዳች ባልዲ ሞላች። አሉላ ባልዲውን እየወሰደ ይደፋል።

"ዲግሪ ይዘሽ ቧንቧ ሠራተኛ ሆንሽ በቃ" አለ።

"አንተ ደግሞ ምንም ሳትይዝ ባልዲ ያዝክ።"

የባኞው ወንፊት ዝጎ ከተነቀለ፣ መክደኛውም ከጠፋ ቆይቷል፤ ቀዳዳው ባዶውን ነው። መጀመሪያ ሙቅ ውሃ ከማንቆርቆሪያ ቀስ እያለች አፈሰሰችበት። የሳሙና ቅባት ብቻ ከሆነ ይለቃል። ውሃው አንዴ ዞር አለና ቆመ። ቅባት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ቀጥሎ ከጎረቤት የእንጨት እጀታ ያለውን የጎማ መምጠጫ አስመጣች። ባኞው ከላይ፣ ከቧንቧው ሥር፣ ውሃ ሞልቶ እንዳይፈስ የተበጀ ሌላ ቀዳዳ አለው፤ እሱ ክፍት ከሆነ የምትገፋው አየር በዚያ ያመልጣል። እርጥብ ፎጣ ጠቀጠቀችበት። ጎማውን የሚሸፍን ያህል ውሃ ትታ ወደ ታች ጫነች፣ ሳበች፣ ጫነች፣ ሳበች። ላብ ግንባሯ ላይ ወጣ። ከታች ያለው ነገር ስትጫነው ይሄዳል፣ ስትስበው ይመለሳል። ለስላሳ ነው።

"እንደገና!" አለ አሉላ። "ንቅንቅ ብሏል!"

ቀዳዳው ተንገሸገሸና ግራጫ ጭቃ ተፋ። ደሊና ጭቃውን በሁለት ጣቶቿ አንስታ አሸችው። ሳሙና ያሟልጫል፤ ይህ አያሟልጭም። አፈር ይሻክራል፤ ይህ የላመ ነው። ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው፣ አሸተተችው። ግም ግም አይልም። የሚሸተው ጠፍቶ ያደረ እሳት ነው።

"አመድ ነው" አለች።

"ኧረ እኔ ሲጋራ ትቻለሁ! ምስክር አለኝ!"

"ማን ጠየቀህ?"

ግን ራሷን መጠየቅ ጀመረች። እዚህ ቤት ከሰል አይነድም፤ የሚበስለው በኤሌክትሪክ ነው። አመድ ከየት መጣ? ተነሥታ ከቁም ሳጥን የሽቦ የልብስ ማንጠልጠያ አመጣች። በፒንሳ አቃናችውና ጫፉን እንደ መንጠቆ ቆለመመችው።

"ዝም ብለሽ ጎስጉሺው!"

"መጎስጎስ ወደ ታች መስደድ ነው።"

ሽቦውን ቀስ ብላ ሰደደች። ለስላሳው ነገር ጋ ሲደርስ አልገፋችውም፤ እያዞረች አጠማዘዘችው፣ እስኪይዝላት። ያዘ። እየጎተተች፣ እያረፈች፣ እየጎተተች አወጣችው። መጀመሪያ የፀጉር ጉንጉን፣ ከዚያ በአመድ የጠቆረ የጨርቅ ቁራጭ። ጨርቁ ሲወጣ ውሃው አንዴ ጮኾ ወደ ታች ነጎደ።

"ጎል!" አለ አሉላ።

ደሊና ጨርቁን አለቀለቀችው። ጫፉ ላይ አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት ወጣ። ታውቀዋለች፤ እናቷ አርጅቶባቸው የቀደዱት ነጠላ ነው። በእጇ እንደያዘችው ቀና ስትል በመስኮቱ በኩል በረንዳው ላይ ያለችውን ጽጌረዳ አየች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ የሁሉም ጎረቤት አበባ ጠውልጎ፣ ይህቺ ብቻ ለምልማለች። እናቷ በየማለዳው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሲመለሱ የሚይዟት ትንሽ ጀሪካንም ትዝ አለቻት። "የምጠጣት ጸበል ናት" ይላሉ። ለሚጠጣ ግን ጀሪካኗ ትበዛለች። አመዱም ቢሆን ተራ አመድ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣ፣ በጸበል ተለውሶ ገላ የሚቀባ እምነት ነው።

የመኝታ ቤቱን በር ገፋ አድርጋ ገባች። ወይዘሮ አልጋነሽ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጨርቁን ሲያዩ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

"እማዬ፣ እዚህ ቤት ነው እንዴ የምትጠመቂው?"

"እዚያ ሰልፉ ብዙ ነው። የጠዋቱ ብርድ ደግሞ ደረቴን ይይዘኛል።"

"ጨርቁስ?"

"ታዲያ ጸበሉ ከሽንት ቤት ፍሳሽ ጋር ይቀላቀል?" ድምፃቸው ከፍ አለ። "ቀዳዳውን እወትፈዋለሁ። ስጨርስ በጣሳ እየቀዳሁ ለጽጌረዳዋ ነው የማጠጣው፣ እግር በማይረግጠው ቦታ። ረቡዕ ጠዋት ጨርቁ ሾልኮ ገባብኝ። ጣቴ አልደርስ አለ።"

"ለዚህ ነው አሲዱን የከለከልሽው?" አለ በሩ ላይ የቆመው አሉላ።

"ጸበል በሄደበት አሲድ ይደፋል እንዴ፣ አንተ!"

አሉላ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ ሳሎን ሸሸ። ደሊና ግን ከጠዋት ጀምሮ ስትፈልገው የነበረውን ምክንያት ፊቷ ቆሞ አየችው፤ ፈራችው።

"ክኒኑስ እማዬ?"

እናቷ የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ ጠቀለሉት፣ ፈቱት፣ ጠቀለሉት።

"አባ ናቸው ተዪ ያሉሽ?"

"ማንም አላለኝም። ራሴ ነኝ። እግዜርን እያመንኩ ክኒን ብውጥ እሱን መፈታተን መሰለኝ።" ጎንበስ ብለው ከአልጋው ሥር የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አወጡ። "አልጣልኩትም ደግሞ። መድኃኒት አይጣልም።"

ደሊና ክዳኑን ከፈተች። እናቷ በየጠዋቱ ከእጇ ተቀብለው አፋቸው ውስጥ የሚከቱት ነጭ ክኒን እስከ ቆርቆሮው ግማሽ ድረስ ተከምሯል። ዓይኗ እያየ ውሃ የሚጠጡበት ክኒን ነው! ለካ ምላሳቸው ሥር ደብቀው ዞር ስትል ይተፉት ኖሯል።

"ነገ ሐኪሙ እጥፍ አድርጎ ቢሰጥሽ፣ ከዚያ አንድ ቀን ፈርተሽ መዋጥ ብትጀምሪ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ? ግፊትሽ በአንዴ ወርዶ መንገድ ላይ ትወድቂ ነበር። ባትውጪው ደግሞ..." አልጨረሰችውም።

"አላወቅኩም" አሉ እናቷ ቀስ ብለው።

ደሊና መጮህ አማራት። ጩኸቱን ዋጥ አድርጋ መስኮቱ ጋ ሄደች፣ ተመለሰች።

"ጸበሉን ተዪ አልልሽም። ለቀዳዳው ልክ የሆነ የጎማ ውታፍ ዛሬውኑ አመጣልሻለሁ፤ ጠብታ አይሾልክም። ግን ነገ ለሐኪሙ ራስሽ ትነግሪዋለሽ።"

"አንቺ ንገሪው። የእነሱን አነጋገር ታውቂበታለሽ።"

"ክኒኑን የተውኩት እኔ አይደለሁማ።"

"አፍሬ ሳልነግረው ብቀርስ?"

ደሊና የቀዳዳውን ስፋት በክር ለክታ ወጣች። ከሱቅ ሱቅ ዞረች፤ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ ይጠባል፣ አንዱ ባለሱቅ "እህቴ፣ ጨርቅ አትወትፊበትም?" አላት። ካዛንቺስ ጫፍ ላይ ነው ልኩን ያገኘችው። ማታ ስትገጥመው ልክክ አለ፤ እናቷ አዩት፣ ግን ስለ ነገው አንድም ቃል አልተናገሩም።

በማግስቱ ሐኪሙ ለካ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ ደግሞ ለካ።

"እናቴ፣ መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳሉ?"

"ልጄ ደህና አድርጋ ትንከባከበኛለች" አሉ ወይዘሮ አልጋነሽ።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀና መጻፍ ጀመረ። ደሊና ከወንበሯ ተነሣች። አፏን ከፈተች፣ ዘጋችው። እሷ ከተናገረች እናቷ ሁለተኛ አያምኗትም፤ የሚቀጥለው ቆርቆሮ ደግሞ ከአልጋ ሥር አይገኝም። ዝም ካለችም እስክሪብቶው መስመሩን ሊጨርስ ነው። ወደ መስኮቱ ዞረች። ከጀርባዋ የቦርሳ ዚፕ ሲከፈት ሰማች፤ ቀጥሎ ቆርቆሮ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ውስጡ ያለው ተንኳኳ።

"ዶክተር፣ አይጻፉ" አሉ እናቷ። "የሰጡኝ ሁሉ ይኸው።"

ሐኪሙ ክዳኑን ከፍቶ ክኒኑን አየ። ከዚያ ወደ ደሊና ቀና አለ።

"እሷን አይጠይቋት። አታውቅም ነበር፤ ከባኞው ነው ያወቀችው።"

"ከባኞው?" አለ ሐኪሙ፤ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ደሊና ተመልሳ ተቀመጠች። ወይዘሮ አልጋነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉና ታሪኩን ከጨርቁ ጀመሩ።